ፒዮኒ በአዲስ አበባ ግቢ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ድሮ ሽቶና ቸኮሌት ነበር የሚይዘው። አሁን አሁን ፒዮኒ የሚባለው የብርድ አገር አበባ ሥርም ጨምሯል። ሰርግ ላይ ያዩትን ሮዝ ቀለም ያለው የተነባበረ አበባ በግቢያቸው የተመኙ ሰዎች ችግኝ መሸጫችን ብቅ ይሉና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ "ቅጠሉ ያምራል፣ ለምንድነው የማያብበው?"

ዋናው ስህተት አዲስ አበባ ትበርዳለች ብሎ ማሰብ ነው። ኧረ አትበርድም! አንዲት የፒያሳ እናት "የኅዳር ብርድ እኔን አጥንቴ ድረስ ገብቶ እሱን እንዴት አይነካውም?" ብለው ሞግተውኛል። እትዬ፣ ለእኛ ትበርዳለች፤ ለፒዮኒ ግን ገና ሞቃት ናት። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ዲግሪ ነው። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ከ20 ያሳልፈዋል። ፒዮኒ ለሳምንታት ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ይፈልጋል። በአገሩ በበረዶው ወራት ግንዱ ይደርቃል፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ይተኛል፣ ብርዱን ሲጠግብ ነው ለማበብ የሚነሳው። እዚህ ደህና እንቅልፍ አያገኝም። ቅጠል ያወጣል፣ ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ብትለማመጡት ለውጥ የለም። ማዳበሪያ ማብዛትማ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚያወፍረው።

"ሥሩን ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠውስ?" የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን በየዓመቱ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ያውም ሙዝና ማንጎ በሌለበት። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ቡቃያውን ይጎዳል። ቤተሰቡ ፍሪጁን ከለቀቀላችሁ ሞክሩት።

እሺ፣ አልሰማም ላላችሁ፦ አጥልቃችሁ አትቅበሩት! ሥሩ ላይ ያሉት ቀያይ ዓይኖች፣ ማለትም ቡቃያዎቹ፣ ከላያቸው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃቸዋል። ጠልቆ የተተከለ ፒዮኒ በቀዝቃዛ አገርም አያብብም።

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ በተለይ ዋልካ አፈር ላይ። መደቡን ከፍ አድርጉ፣ አሸዋ ቀላቅሉበት።

ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አትትከሉት። መነቀል አይወድም፤ ከተመቸው ግን ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ አስቡበት።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን የ"ሰማያዊ ፒዮኒ" ዘር እርሱት። ሰማያዊ ፒዮኒ የለም።

ሥሩን ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስገባትም ጣጣ አለው። ተክል ወደ አገር ሲገባ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። አፈር የነካው ሥር የማናውቀውን በሽታ ይዞብን ሊመጣ ይችላል።

እኔን ብትሰሙኝ ዳሊያ ትከሉ። የሜክሲኮ ደጋ ተወላጅ ነው፣ የእኛ አየር ይስማማዋል፣ አበባውም እንደዚያው የተነባበረ ነው።

ስለ ጉንዳን ለምትጠይቁኝ፦ ፒዮኒ እምቡጥ ላይ የሚወጣው ጣፋጩን ፈሳሽ ሊልስ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ መድኃኒት አትርጩበት። አራት ኪሎ አካባቢ ጉንዳን የወጣበት የፒዮኒ እምቡጥ ካላችሁ ግን ጥሩኝ፤ መጥቼ አያለሁ።