የትንኝ እጭን በዕፅዋት ስንፈትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ቅጠሉን በኢታኖል (በአልኮል) ዘፍዝፌ ሞከርኩት፤ እጮቹ በ24 ሰዓት ሙልጭ ብለው አለቁ!» እያለ ደስ ብሎት የሚመጣ ጀማሪ ሁሌም አለ። ደስታውን እወድለታለሁ። የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ ኢታኖሉን ብቻ የጨመርክበት ኩባያስ የታለ? አብዛኛውን ጊዜ የለም። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ እጮቹን የገደለው ቅጠሉ ይሁን ኢታኖሉ በምን ይታወቃል?

በዚህ ነገር የምቆጣው እኔም ስላጠፋሁት ነው። የአንድ ዛፍ ቅርፊት እጭ ይገድላል ብዬ ለሳምንታት ደከምኩ። ዘግይቼ ኢታኖሉን ለብቻው ብሞክረው እጮቹ በዚያው ልክ ሞቱ። ያን ሁሉ መዝገብ መጣል ነበረብኝ። ስለዚህ ቅጠሉ ያለበትም የሌለበትም ኩባያ እኩል ኢታኖል ይግባበት፤ እሱም ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ1 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ አራት ኩባያ፣ በየኩባያው 25 እጭ ያስፈልጋል። ከማነጻጸሪያው ከ5 እስከ 20 በመቶ ከሞተ ውጤቱ በማነጻጸሪያው የሞተውን በሚቀንሰው በአቦት ቀመር ይስተካከላል፦ መድኃኒቱ ባለበት 60፣ በማነጻጸሪያው 20 በመቶ ቢሞት፣ 40ን (60 ሲቀነስ 20) ለ80 (100 ሲቀነስ 20) ስናካፍል ትክክለኛው ውጤት 50 በመቶ ነው። ከ20 በመቶ በላይ ከሞተ ግን ፈተናው ይደገም። በሒሳብ ለማዳን አትሞክሩ።

ትንሹንና ትልቁን እጭ አትቀላቅሉ፤ የሦስተኛው የእጭ ዕድገት ደረጃ መጨረሻ ወይም የአራተኛው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ብቻ ውሰዱ።

ኒምን በ24 ሰዓት መፍረድ ያሳዝነኛል። በውስጡ ያለው አዛዲራክቲን የእጩን የዕድገት ሆርሞን ነው የሚያውከው። እጩ በማግስቱም ሲዋኝ ይታያል፤ ከቀናት በኋላ ቆዳውን መጣል አቅቶት ይሞታል፣ ወይም ትንኝ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ከማነጻጸሪያው ትንኞች እስኪወጡ ድረስ ቁጠሩ። ቅጠሉን ብቻ ሞክሮ «ኒም አይሠራም» ማለትም አይገባም፤ አዛዲራክቲን በብዛት የሚገኘው በፍሬው ውስጥ ባለው ዘር ነው።

መዓዛማ ዘይቶች ደግሞ ከውሃ ጋር አይዋሃዱም። ሳያዋህዱ ጠብ ካደረጓቸው ከላይ ይንሳፈፋሉ። እጭ የሚተነፍሰው ከውሃው ገጽ ስለሆነ ታፍኖ ይሞት ይሆናል፤ ያንን «መርዝነት» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው።

በኩባያ ግማሹን እጭ የገደለውን መጠን ለኩሬ ማዘዝም እንዲሁ። አዛዲራክቲን በፀሐይ ይበላሻል፣ ዘይት ይተናል፣ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠልም ከመድኃኒቱ ይመጥጣል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ «ከዕፅዋት ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው ነው። ሮቴኖን ከአንዳንድ ዕፅዋት ሥር የሚወጣ መርዝ ነው፤ ዓሣን ይፈጃል። መርዙ ኒኮቲንም ከትምባሆ ቅጠል ነው። ኩሬ ውስጥ እጭን አድነው የሚበሉ የውሃ ነፍሳት አሉ፤ እነሱን አብረን ከገደልናቸው፣ ትንኟ ተመልሳ የምትጥለው እንቁላል ጠላት በሌለበት ውሃ ያድጋል። ስለዚህ ወደ ኩሬው ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው መጠን፣ በሌላ ዕቃ፣ እነዚያን ነፍሳትና ትንንሽ ዓሣዎችን ፈትኑ። ሰው የሚጠጣውን ውሃ ደግሞ በፍጹም አትንኩ።