የፓምፕና የጫጩት መፈልፈያ መቆጣጠሪያ ስትሠሩ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

ኮምቦልቻ ውስጥ በአርዱዊኖ፣ ማለትም ፕሮግራም ተጽፎበት ማሽን በሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ወጣቶች በዝተዋል። ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የወጡ አሉ፤ ጥገና ቤት ውስጥ ያደጉም አሉ። ብዙዎቹ ኮድ አይቸግራቸውም። የሚያሸንፋቸው መብራት ነው።

መብራቱን መናቅ

ኡኖ በሚባለው የአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ ያለው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ይባላል። 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 2 ኪሎባይት ራም አለው። ለአንድ ፓምፕ ይበቃል። ግን በ16 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ቢያንስ 3.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ትእዛዝ ሊያዛባ ይችላል። ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን የሚያስቆም ጠባቂ በውስጡ አለ፤ ብራውን-አውት ይሉታል። ኡኖ ላይ ግን 2.7 ቮልት ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ከ3.8 እስከ 2.7 ባለው መሃል ማንም አይጠብቀውም።

አሁን የፓምፑ ሞተር ይነሳል። ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ 220ው ይወርዳል፣ ሰሌዳውን የሚመግበው ርካሽ ቻርጀርም አብሮ ይወርዳል፣ ቺፑ ይቃዣል። ኮንታክተሩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትልቁ ስዊች፣ ይንጣጣል። ልጆቹ ደግሞ «ኮዱ ላይ ችግር አለ» ብለው ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሲያገላብጡ ያድራሉ። ኧረ ኮዱን ተዉት! ይህንን ስንቴ እንዳየሁት! ጥሩ የ5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ግዙ። መግቢያው ላይ 1000 ማይክሮፋራድ፣ ከቺፑ እግር አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። ብራውን-አውቱን ወደ 4.3 ቮልት ቀይሩት፤ ሌላ አርዱዊኖ እንደ ፕሮግራመር ሆኖ ይሠራዋል። ዋችዶግ የሚባለውን የቺፑን የውስጥ ጠባቂ ሰዓትም አብሩት። ፕሮግራሙ ከተንጠለጠለ እስከ 8 ሰከንድ ጠብቆ ቺፑን ራሱ ያስነሳዋል። አንዳንድ የቆዩ ናኖ የሚባሉ ትንንሽ የአርዱዊኖ ሰሌዳዎች ግን ዋችዶግ ሲበራ በቡትሎደራቸው (ሲነሱ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ምክንያት መነሳት እያቃታቸው ይደጋግማሉ። ለደንበኛ ከመስጠታችሁ በፊት ሞክሩት።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ፓምፑ ወዲያው አይነሳ። ጥቂት ይጠብቅ፣ የታችኛው ታንከር ውሃ እንዳለው በተንሳፋፊው ስዊች ያረጋግጥ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደርቆ የሚሽከረከር ፓምፕ ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገው ማሸጊያው (ሲሉ) ይቃጠላል።

ሁለት ሰዓት ያልነበረው ሁለት ሰዓት

አንዲት እናት የጫጩት መፈልፈያ ገዝተው ከ21 ቀን በኋላ የተፈለፈለው ጥቂት ሆነባቸው። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ላይ ጸንቶ ነበር። የሠራው ልጅ ግራ ገባው። እሳቸው ናቸው ያወቁት፦ «ልጄ፣ እንቁላሉ እኮ ዞሮ አያውቅም!»

ኮዱን ከፈትነው። ማዞሪያው በየሁለት ሰዓቱ እንዲሠራ 2 ሲባዛ 60 ሲባዛ 60 ሲባዛ 1000 ተብሎ ተጽፏል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ 7,200,000 ሚሊሰከንድ። ግን በዚህ ቺፕ ላይ ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር መያዣ) 16 ቢት ነው፤ ከ32,767 በላይ አይዝም። ውጤቱ ተጠቅልሎ ኔጌቲቭ 8,960 ሆነ። ኔጌቲቭ ወደማይዘው ባለ 32 ቢት መያዣ፣ ወደ አንሳይንድ ሎንግ፣ ሲገባ ደግሞ 4,294,958,336 ሚሊሰከንድ ሆነ፤ ይኸውም 49 ቀን ከምናምን። እንቁላሉ በ21 ቀኑ ይፈለፈላል! መድኃኒቱ ከመጀመሪያው 2 አጠገብ ዩ እና ኤል የሚባሉትን ሁለት ፊደላት መጨመር ነው። ኮዱን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ሲሰጥም አንብቡት። የልጁ ጥረት ያሳዝናል፤ የእናትየዋ እንቁላል ግን የበለጠ ያሳዝናል።

ሪሌይን ከፒን ጋር በቀጥታ ማገናኘት

አንድ ፒን (የቺፑ እግር) 20 ሚሊአምፔር ይዞ ይሥራ፤ 40 የመጨረሻ ጣሪያው ነው። የተለመደው የ5 ቮልት ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ስዊች) የሽቦ ጥቅል ግን 70 ገደማ ይፈልጋል። ትራንዚስተር አስገቡ፣ ጥቅሉ ላይም 1ኤን4007 ዳዮድ በተገላቢጦሽ አድርጉ። በ220 ለሚሠራ የኮንታክተር ጥቅል ግን ዳዮድ አይሆንም። እዚያ ጥቅሉ ላይ ሬዚስተርና ካፓሲተር ተከታትለው ይገባሉ፤ ካፓሲተሩ ለኤሲ መስመር የተሠራ ይሁን።

መብራት ቢጠፋም የማይረሳው የቺፑ ማኅደር፣ ኢኢፕሮም፣ ላይ በየሰከንዱ አትጻፉ። የተሰጠው 100,000 ጊዜ ነው፤ በ28 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ዋጋው ሲቀየር ብቻ ጻፉ።

ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ስዊች የሚወርድ ረጅም ሽቦ በቺፑ ውስጠኛ ፑል-አፕ (ፒኑን ወደ ላይኛው ቮልት በሚስብ ሬዚስተር) ብቻ አይታመንም። ከውጭ 4.7 ኪሎኦም ጨምሩለት። በአርዱዊኖ ፋንታ ኢኤስፒ32 የሚባለውን ሰሌዳ ከያዛችሁ ደግሞ ፒኑ 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት እንዳታስገቡበት።

ሰሌዳውን መፈልፈያው ውስጥ የምታስቀምጡ ደግሞ አላችሁ። እዚያ ውስጥ እርጥበት አለ፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ይበልጥ ይጨምራል፤ መዳቡን ይበላዋል። ሴንሰሩን ብቻ አስገቡ፤ ሰሌዳው ውጭ፣ በሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈኑት።