ከበጎ ፈቃደኝነት ወደ ኃላፊነት፦ በሰብአዊ እርዳታ ሥራ ሴቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ሌት ተቀን የምትሮጠው ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላም ረዳት ሆና ስትቀር፣ አብሯት የገባው ወንድ የቢሮ ኃላፊ ሲሆን አድልዎ የለም ማለት አይቻልም። ግን ለአድልዎው መንገድ የሚጠርጉ፣ በገዛ እጅ የሚሠሩ ጥፋቶችም አሉ።

ድካምን ጽፎ ውጤትን መርሳት

ሲቪ ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው «በስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በውሃና ንጽህና ሥራ ተሳትፌያለሁ» የሚለው ነው። መቶ ማመልከቻ የሚያጣራ ሰው እዚህ ላይ አይቆምም። ይኸው ሥራ እንዲህ ቢጻፍስ? «12,000 ስደተኞች ላሉበት ጣቢያ ውሃ የሚያቀርብ የ8 ሰው ቡድን መርቻለሁ፤ በ4 ወር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ከ9 ወደ 15 ሊትር አድጓል።» ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራስሽን በየወሩ መጨረሻ ደብተር ላይ አስፍሪ። ከሁለት ዓመት በኋላ ላስታውስ ቢሉ አይመጣም።

15 ሊትር ስፌር በሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ነው። ለኃላፊነት የምትታጭ ሴት ስሌቱን በቃሏ ልትሠራው ይገባል፦ 12,000 ሰው በ15 ሊትር 180,000 ሊትር ይሆናል፤ 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ በቀን 18 ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ ሲባል 48 ቧንቧ። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ሲባል 600፤ በአደጋው መጀመሪያ ሰሞን ለ50 ሰው አንድ ቢባል እንኳ 240። የጋራ መጸዳጃ ከሆነ ደግሞ ከየአራቱ 3 ለሴቶች፣ 1 ለወንዶች ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ስሌት እቅድ ላይ የምታነሣው ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ አንሺያት።

«የሴት ሥራ» ላይ መታጠር

ሥርዓተ ጾታ፣ የሕጻናት ጥበቃ፣ ኮሙኒኬሽን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ። እነዚህ ሁሉ ቀድመው ይሰጡሻል። በላዩ ላይ ወሲባዊ ብዝበዛን የመከላከል ተጠሪነት ይደረብብሻል። ሥራዎቹ ክቡር ናቸው። ጉዳቱ ገንዘብ፣ ግዥ፣ መጋዘንና መኪና ሌላ ሰው እጅ መቅረታቸው ነው፤ የቢሮ ኃላፊ ሲመረጥ የሚጠየቀው ምን ያህል በጀት አስተዳድረሻል፣ የስንት ሰው አለቃ ነበርሽ የሚል ነውና። ካትሪን በርቲኒ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2002 የዓለም የምግብ ፕሮግራምን ሲመሩ ምግቡ በቀጥታ ሴቶች እጅ እንዲገባ ገፍተዋል። ያንን ለማድረግ የማከፋፈያው አሠራር በእጃቸው መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ተደራቢ ሥራ ሲሰጥሽ ከጊዜሽ ስንት ከመቶ እንደሚወስድ በሥራ ዝርዝርሽ ላይ ይጻፍ። 20 ከመቶ ከተጨመረ 20 ከመቶ ሌላ ይነሣልሽ። ጎን ለጎን አንድ የበጀት መስመር እንድትይዢ ጠይቂ፤ ትንሽ ቢሆንም። የታቀደውንና የወጣውን በየወሩ አነጻጽሪ። የ12 ወር ፕሮጀክት በ6ኛው ወር ገና 20 ከመቶ ብቻ አውጥቶ ከሆነ ያልወጣው ገንዘብ ወደ ለጋሹ ድርጅት (ዶነሩ) ሊመለስ ይችላል። በ11ኛው ወር ማራዘሚያ ከመለመን አሁኑኑ ግዥ ክፍል ገብተሽ ወረቀቱ የት እንደቆመ እይ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ጠፍቶ ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ «እኛ» ማለት

በእኛ አገር «እኔ ነኝ ያደረግሁት» ማለት ጉራ ይመስላል። በተመድና በትልልቆቹ ድርጅቶች ቃለ መጠይቅ ግን የሚጠየቀው አንድ የተወሰነ አጋጣሚና በዚያ ውስጥ የአንቺ ድርሻ ነው። «ቡድናችን ተወያይቶ ፈታው» ካልሽ ነጥቡ ለቡድኑ ነው። ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ፤ ከዚያ ምን ወሰንሽ፣ ማን ተቃወመሽ፣ ምን ሆነ። ግማሹ ጊዜ ለወሰድሽው እርምጃ ይሁን። በስልክ ቀድተሽ ብታደምጪው «እኛ» ስንት ጊዜ እንዳመለጠሽ ትሰሚያለሽ።

ደረጃን ሳያውቁ ማመልከት

በተመድ የባለሙያ ደረጃዎች በ«ፒ» ይጠራሉ፦ ፒ-3 ከማስተርስ ጋር 5 ዓመት፣ ፒ-4 7 ዓመት፣ ፒ-5 10 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ከሆነ 2 ዓመት ይጨመራል። በተመድ በጎ ፈቃደኝነት ያገለገልሽበት ዘመን እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል፤ ብዙዎች ግን «ደመወዝ አልነበረውም» ብለው ራሳቸው ይሰርዙታል። ለምልመላም ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ አጭበርባሪ ነው፤ ተመድ በየትኛውም ደረጃ ክፍያ አይቀበልም።

በአንድ ቋንቋ መቆም

ቻድ፣ ኮንጎ፣ መካከለኛው አፍሪካ ያለ ፈረንሳይኛ የሚገባባቸው አይደሉም። ከቤይሩት ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመለሱ እህቶች ደግሞ በቤት ሠራተኝነት የለመዱትን አረብኛ ሲቪያቸው ላይ ለመጻፍ ያፍራሉ። ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎችን ለማነጋገር ግን ይህ ቋንቋ መግቢያ በር ነው። ንግግርና ጽሑፍን ለያይተሽ እውነተኛውን ደረጃ አስቀምጪ።

ፌስቡክን የግል ጓዳ ማድረግ

ገለልተኛነት የሥራው ሕግ ነው። አንዱን ወገን የሚያወግዝ ጽሑፍሽ ወይም ፊቱ የሚታይ የተረጂ ሕጻን ፎቶ ከአንቺ አልፎ የድርጅትሽን ሾፌር ኬላ ላይ ሊያስቆመው ይችላል።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

የተመድ ቋሚም ሆነ የተወሰነ ጊዜ ሠራተኛ የሆነች እናት ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ 26 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ አላት። በኮንሰልታንት ውል ይህ የለም። የደመወዙን ቁጥር ብቻ አይተሽ ከመፈረምሽ በፊት የውሉን ዓይነት፣ ኢንሹራንሱንና በአስቸጋሪ ቦታ ለሚሠሩ ከጣቢያ ወጥቶ የማረፊያው ዙር በስንት ሳምንት እንደሆነ ጠይቂ።

ማስረጃን ለነገ ማቆየት

በአደጋ ጊዜ ሥራ አለቃ በየስድስት ወሩ ይቀያየራል፣ ቢሮም ይዘጋል። የአፈጻጸም ግምገማሽን አለቃሽ ከመሄዱ በፊት አስፈርሚ። የጀመርሽበትና የጨረስሽበት ቀን፣ የሥራ መደብሽና ትመሪያቸው የነበሩ ሰዎች ቁጥር የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይኑርሽ። ስካን አድርገሽም ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ወደ ግልሽ አሻግሪው፤ ውሉ ባለቀ ማግሥት ያ ኢሜይል ይዘጋል።