የፒካሶን «የአቪኞን ወይዛዝርት» እንዴት እንመርምር?

ፓብሎ ፒካሶ ይህን ሥዕል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 ፓሪስ፣ ሞንማርት ውስጥ ነው። አሁን ያለው ኒው ዮርክ፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አምስት እርቃናቸውን ያሉ ሴተኛ አዳሪዎች ይታዩበታል። አብዛኛው ተመልካች «ምነው እንዲህ አስቀያሚ አደረጋቸው?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይቀራል። «እኔ የት ሆኜ ነው የማያቸው?» ብሎ መጀመር የተሻለ ያስኬዳል።

መጀመሪያ መጠኑን ይወቁ። ቁመቱ 243.9፣ ስፋቱ 233.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በስልክ ብቻ ካዩት ኃይሉ አይገባዎትም። ግድግዳ ላይ 2.44 በ2.34 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉና ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ፤ ሴቶቹ የሰው ቁመት ያላቸው መሆኑ ያኔ ይታወቅዎታል።

ቀጥሎ ዓይንዎን ከፊቶቹ ያንሱና ከታች መሃል ላይ ያሳርፉ። ፍራፍሬ የተቀመጠበት የጠረጴዛ ሹል ጫፍ ከሥዕሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገብቷል። የቀረው ጠረጴዛ በእኛ በኩል ነው፤ የተቀመጥነውም እኛ ነን ማለት ነው። ፒካሶ በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ላይ በሴቶቹ መካከል የተቀመጠ መርከበኛና ከግራ የሚገባ የሕክምና ተማሪ ነበሩት። በኋላ ሁለቱንም አወጣቸው። ተማሪው ይገባበት በነበረው በኩል አሁን መጋረጃ የምትገልጥ ሴት ቆማለች። ደንበኛው ከሥዕሉ ሲወጣ ቦታውን የያዘው ተመልካቹ ነው። ለእኔ የሥዕሉ ቁልፍ ይኸው ነው።

አሁን በቀኝ ያሉትን ሁለቱን በወረቀት ይሸፍኑ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ግራ ያዙሩት። የግራዎቹ ፊት ፒካሶ ካጠናው የጥንት የኢቤሪያ (የዛሬዋ ስፔን አካባቢ) ቅርጻ ቅርጽ ጋር ይዛመዳል። የቀኞቹን ግን በፓሪሱ ትሮካዴሮ ሙዚየም የአፍሪካ ጭምብሎችን ካየ በኋላ እንደገና ቀብቷቸዋል። ልዩነቱን አለማስታረቁ የሥዕሉ አንዱ ጉልበት ነው፤ «ሳይጨርሰው ትቶት ነው» ብለው አይለፉት።

ከዚያ አንድ በአንድ ይሂዱ። የመሃሎቹ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ያዩናል፣ አፍንጫቸው ግን ከጎን የታየ ነው። ከቀኝ ታች ቁጢጥ ያለችው ጀርባዋን ሰጥታን ሳለ ፊቷ ወደኛ ዞሯል። አንድ አካል ከብዙ አቅጣጫ የሚታይበት ይህ አሠራር ወደ ኪውቢዝም፣ ማለትም ነገሮችን ሰባብሮ በጂኦሜትሪ ቅርጾች ወደሚሥለው ስልት ይመራል፤ ሙሉውን ሥዕል ኪውቢስት ማለት ግን መቸኮል ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለመደ ዓይን እዚህ ሊሳሳት ይችላል። በእኛ ዘንድ ክፉው ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በግራ ያለችው ሴትም ከጎን ነው የታየችው፤ ዓይኗ ግን ፊት ለፊት እንደሚታይ ዓይን ሙሉ ነው። ያንን ደንብ እዚህ አይጠቀሙበት።

ርዕሱን መጨረሻ ላይ ያምጡት። እ.ኤ.አ. በ1916 ሥዕሉ ለሕዝብ ሲቀርብ ያወጣው ገጣሚው አንድሬ ሳልሞን ነው፤ ፒካሶ አልወደደውም። «አቪኞን»ም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከፈረንሳዩ ከተማ ሳይሆን በዚሁ ስም ከሚጠራ የባርሴሎና መንገድ ጋር ነው።

ትርጓሜዎን ሲጽፉ ሥዕሉ የሚያሳየውንና ንድፎቹ የሚጠቁሙትን አይቀላቅሉ። ለምሳሌ ሥዕሉ ስለ አባላዘር በሽታ ፍርሃት ነው የሚል አለ። ተማሪው በአንዳንዶቹ ንድፎች የራስ ቅል ይዞ ስለሚታይ ሐሳቡ መነሻ አለው፤ የራስ ቅሉ ግን በተጠናቀቀው ሥዕል ላይ የለም። ስለዚህ «ሥዕሉ ያሳያል» ሳይሆን «ንድፎቹ ይጠቁማሉ» ብለው ይጻፉ።