ለአገረ ገዥነት የሚወዳደር ነጋዴና የቀድሞ ወታደር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ «አገሬን በውትድርና አገልግያለሁ፤ ከዚያም የራሴን ድርጅት አቋቁሜ ለሰው ሥራ ፈጥሬያለሁ» ብሎ ለአገረ ገዥነት የሚቀርብ ዕጩ ሰሚ አያጣም። በባሕር ኃይል ያገለገሉትና በሆስፒታል ንግድ የከበሩት ሪክ ስኮት በ2010 ፍሎሪዳን ያሸነፉት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ወታደር ቤቱም ንግድ ቤቱም የየራሳቸው ሕግና ሰነድ አላቸው። ብዙ ዕጩ የክርክር መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚሰናከለው እነዚህን በጊዜ ባለማስተካከሉ ነው።

ፊርማ ማሰባሰቡን ለተቋራጭ ሰጥቶ መርሳት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ በ2022 በሚሺጋን የደረሰውን ማየት ይበቃል። እዚያ ለአገረ ገዥነት የሚወዳደር የፓርቲ ዕጩ ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ቢያንስ 15,000 ትክክለኛ የመራጮች የድጋፍ ፊርማ ማቅረብ አለበት፤ ጣሪያው 30,000 ነው። ባለሀብቱ ፔሪ ጆንሰን 23,193 ፊርማ አስገቡ፤ ሲጣራ የተረፈላቸው 13,800 ብቻ ሆነ። የዲትሮይት ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ጄምስ ክሬግ ካቀረቡት 21,305 ውስጥ የጸናላቸው 10,192 ነበር። የግዛቱ የምርጫ ቢሮ በ36 ክፍያ ተቀባይ አሰባሳቢዎች የቀረቡ ቢያንስ 68,000 የማይጸኑ ፊርማዎችን አገኘ። በዚህ ሳቢያ አምስት የሪፐብሊካን ዕጩዎች ከውድድሩ ወጡ፤ ፍርድ ቤትም አልመለሳቸውም።

የፊርማ ማጭበርበሩ እንዴት ይሠራል? አሰባሳቢዎቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን ወረቀት እየተቀባበሉ ይፈርማሉ፤ የእጅ ጽሑፉ የተለያየ እንዲመስል ነው። ስሙን የሚገለብጡት ካረጀ የመራጮች ዝርዝር ስለሆነ የሞቱና ቤት የቀየሩ ሰዎች ይበዙበታል። ወረቀቱን ራሱን ልብ ብሎ ያየ ሰውም ይነቃበታል፦ ገበያ በር ላይ የዋለ ወረቀት ይታጠፋል፣ ይቆሽሻል፣ ዝናብ ይነካዋል፤ የተጭበረበረው ግን ከማተሚያ ቤት አሁን የወጣ ይመስላል።

ስለዚህ ከሚያስፈልገው ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ፊርማ ያሰባስቡ። ወረቀቱን የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቁ በየሳምንቱ ተረክበው በራስዎ ሰዎች ከመራጮች መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ውሉ ላይ ክፍያው ከማጣራቱ በኋላ እንደሚፈጸም ይጻፉ። አሰባሳቢው የራሱን ፊርማና ቀን የሚያኖረው ከሁሉም ፈራሚዎች በኋላ ነው፤ ቀኑን አስቀድሞ ከሞላ ከዚያ ቀን በኋላ የተፈረመው ሁሉ ይሰረዛል። ጠቅላላው ቁጥር ብቻውንም አይበቃም፤ ሚሺጋን ውስጥ ከኮንግረስ የምርጫ ወረዳዎች ቢያንስ ከግማሾቹ፣ ከእያንዳንዳቸው 100 ፊርማ ያስፈልጋል።

የነዋሪነት ዘመንን በግምት መቁጠር

ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ሲዘዋወር የኖረ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ሚዙሪ ዕጩው 30 ዓመት የሞላው፣ ለ15 ዓመት የአሜሪካ ዜጋ የሆነና ለ10 ዓመት በግዛቱ የኖረ እንዲሆን ትጠይቃለች፤ ኦሪገን የምትጠይቀው የሦስት ዓመት ነዋሪነት ነው። ጋዜጠኛው ኒኮላስ ክሪስቶፍ ኦሪገን ውስጥ አድገውና እርሻ ይዘው ሳለ በ2020 ድምፅ የሰጡት ኒው ዮርክ ስለነበር በ2022 ከውድድር ታግደዋል። የት እንደመረጡ፣ የትኛው ግዛት መንጃ ፈቃድ እንደሰጠዎት፣ ግብር የት እንደከፈሉ ዓመት በዓመት ጽፈው ለጠበቃ ያሳዩ። ተወልዶ ያደገው ኢትዮጵያ ሆኖ ዜግነት ያገኘ ሰው አገረ ገዥ መሆን አይከለከልም፤ በትውልድ ዜጋ መሆን ግድ የሆነው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትሉ ነው። ዓመቱን ግን መቁጠር ያለበት ዜግነቱን ካገኘበት ቀን ጀምሮ ነው።

የአገልግሎት ታሪክን በአንድ ቃል ማስረዘም

ሪቻርድ ብሉመንታል በ2010 ለሴኔት ሲወዳደሩ «በቬትናም አገልግያለሁ» ማለታቸው ተጋለጠ፤ ያገለገሉት በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ በአሜሪካ ምድር ነበር። የሜሪላንዱ አገረ ገዥ ዌስ ሙር በ2006 በሞሉት ማመልከቻ ላይ ገና ያልተሰጣቸውን ብሮንዝ ስታር ኒሻን በመጥቀሳቸው በ2024 ማብራሪያ ለመስጠት ተገደዋል። ሁለቱም ሥልጣናቸውን አላጡም፤ ወቀሳው ግን በቀላሉ የሚቀር ነበር።

ዲዲ 214 የተባለውን የስንብት ሰነድ ከፊት አስቀምጠው ታሪክዎን መስመር በመስመር ያመሳክሩ፦ ማዕረግ፣ የዘመቱበት ቦታ፣ ኒሻን፣ የስንብት ዓይነት። ቅጂው ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው የወታደሮች ማኅደር በቅጽ 180 ይጠየቃል። የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሱት ፎቶ የዘመቻው ዋና ምስል መሆን የለበትም፤ ሲወጣም ከሥሩ የመከላከያ ሚኒስቴር ድጋፍ እንደሌለበት የሚገልጽ ጽሑፍ በግልጽ መነበብ አለበት። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር በፓርቲ ስም መወዳደርም አይችልም።

የሱቁን ኪስና የዘመቻውን ኪስ መቀላቀል

የድርጅቱ ጭነት መኪና ፖስተር ሲያመላልስ፣ ጸሐፊዋ በሥራ ሰዓት የለጋሾችን ስም ስትመዘግብ፣ አዳራሹ በነፃ ሲሰጥ፣ ሁሉም በዓይነት የተሰጠ መዋጮ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግለሰብ ለአገረ ገዥ ዕጩ የሚሰጠው ገንዘብ ጣሪያ የለውም፤ ኩባንያ መስጠቱ ግን ከባድ ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ለኩባንያም ትፈቅዳለች። ስለዚህ የጎረቤት ግዛት ልማድ አይመሩበት፤ ለተጠቀሙበት ሁሉ ዘመቻው የገበያ ዋጋ ከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ወጥመድ አለ። የመኪና መሸጫዎን ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ወይም በሬዲዮ ራስዎ የሚያቀርቡ ከሆነ፣ በሕግ ዕጩ ከሆኑበት ዕለት ጀምሮ ድምፅዎ ወይም ፊትዎ በተሰማና በታየ ቁጥር ተቀናቃኞችዎ በሰባት ቀን ውስጥ እኩል የአየር ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ። ጣቢያዎች ይህን ስለሚፈሩ ማስታወቂያውን ያነሱታል። ከመመዝገብዎ በፊት በሌላ ሰው ድምፅ ያስቀርጹት።

ገንዘቤ ይበቃል ማለት

ሜግ ዊትማን በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሳቸው አውጥተው ተሸንፈዋል። ሃያ ዶላር የሰጠ ሰው ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፣ በር ያንኳኳል፤ በራሱ ገንዘብ ብቻ የሚሮጥ ዕጩ ይህ ሠራዊት የለውም። የሚያወጡትንም በዘመቻው ስም ያውጡ፦ የፓርቲው ዕጩ ከሚለይበት ቅድመ ምርጫ በፊት ባሉት 45 ቀናትና ከዋናው ምርጫ በፊት ባሉት 60 ቀናት የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች ዝቅተኛውን የማስታወቂያ ዋጋ የሚያስከፍሉት ዕጩውን እንጂ ደጋፊ ቡድኖችን አይደለም።

አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም ከሌለው አንድ ዶላር እንኳ አይቀበሉት፤ ክልከላው በግዛት ምርጫም ይሠራል። ግሪን ካርድ ያለው ግን ከራሱ ገንዘብ መስጠት ይችላል።

የአገረ ገዥ ባልሆነ ሥልጣን ቃል መግባት

«ግዛቱን እንደ ድርጅቴ እመራለሁ» የሚለው ንግግር ያስጨበጭባል። ይሁንና በኢሊኖይ አገረ ገዥ የሆኑት ነጋዴው ብሩስ ራውነር ከግዛቱ ምክር ቤት ጋር መስማማት አቅቷቸው ግዛቱ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ሙሉ በጀት ቆይቷል፤ በመጨረሻም በ2017 ምክር ቤቱ ተቃውሟቸውን ሽሮ በጀቱን አጸደቀ። ሠራተኛ ይታዘዛል፤ የሕዝብ እንደራሴ ግን በአገረ ገዥ አይሾምም አይሻርም።

የቀድሞ ወታደሮች በብዛት የሚሳሳቱት ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙበትን ሆስፒታል አስተካክላለሁ ሲሉ ነው። ሆስፒታሎቹ የፌዴራል መንግሥት ናቸው። ስብሰባ ላይ የቀጠሮው ወረፋ ያንገላታው አንድ አዛውንት ወታደር ቢጠይቅዎ ይህንኑ በግልጽ ይንገሩት፤ ቃል የሚገቡት ግዛቱ በሚያስተዳድራቸው የአረጋውያን ወታደሮች መኖሪያዎች፣ ከምክር ቤቱ ጋር ሊያሻሽሉት በሚችሉት የንብረት ግብር ቅናሽና በግዛቱ ብሔራዊ ዘብ (ናሽናል ጋርድ) ጉዳይ ይሁን።