ኢንግላንድ ባህር ላይ የምታጠምዱ፣ ህጉን ማን ያወጣዋል? ከመውጣቱ በፊትስ እንዴት ትናገራላችሁ?

ሰሞኑን አንድ ልጅ የሎብስተር (ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳ) ወጥመድ ገዝቶ "ፈቃዱን ከየት ነው የማወጣው?" ብሎ ደወለልኝ፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ሳወራው ዋልኩና ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምፅፈው። እኔ ህግ የተማርኩ አይደለሁም፣ ግን ስብሰባቸው ላይ ኋላ ወንበር ይዤ ቁጭ ብዬ ብዙ ሰምቻለሁ። አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ኢንግላንድ ውስጥ ከባህር ዳር (ከተማዋን ማለቴ አይደለም) እስከ 6 ኖቲካል ማይል፣ ወደ 11 ኪሎሜትር መሆኑ ነው፣ እዛ ውስጥ ያለውን አሳ ማስገር የሚቆጣጠሩት ኢፍካ (IFCA፣ የጠረፍ አሳ ማስገርና ጥበቃ ባለስልጣን) የሚባሉ 10 መስሪያ ቤቶች ናቸው። ድሮ ከ1888ቱ ህግ ጀምሮ የመጡ የባህር አሳ ኮሚቴዎች ነበሩ፣ ኢንግላንድና ዌልስ አንድ ላይ 12። በ2009 የባህርና የጠረፍ ህግ ሲወጣ ነገሩ ተገለባበጠ፣ ዌልስ ኮሚቴ ምናምን አልፈልግም ብላ በ2010 ስራውን ለራሷ መንግስት ወሰደች፣ ኢንግላንድ ግን አካባቢው ራሱን ያስተዳድር የሚለውን ሀሳብ ይዛ ኤፕሪል 1 2011 ኮሚቴዎቹን በኢፍካ ተካቻቸው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው አሰራር አላቸው፣ እዛ የምትኖሩ ይሄ አይመለከታችሁም።

ብዙ ሰው ስም ብቻ የተቀየረ ይመስለዋል። አይደለም። የህጉ አንቀፅ 153 አራት ስራ ነው የሰጣቸው፣ አንደኛ አሳው ሳያልቅ እንዲጠመድ ማድረግ፣ ሁለተኛ ከአሳው የሚገኘውን ገቢና ማህበራዊ ጥቅም ከባህሩ ጥበቃ ጋር ማመዛዘን፣ ሶስተኛ ለዘላቂ ልማት የሚያስፈልገውን ሌላ እርምጃ መውሰድ፣ አራተኛ ደግሞ አጥማጁ እርስ በርሱ ያለውን የተለያየ ፍላጎት ማመጣጠን። በሚቀጥለው አንቀፅ 154 ላይ የባህር ጥብቅ ቦታዎችን አላማ ማሳካትም ግዴታቸው ሆነ። እነዚህን አራቱን ያዙልኝ፣ ወደ ታች ስንሄድ እንፈልጋቸዋለን።

የናንተ ኢፍካ የትኛው ነው? ኖርዘምበርላንድ፣ ኖርዝ ኢስተርን፣ ኢስተርን፣ ኬንት ኤንድ ኤሴክስ፣ ሰሴክስ፣ ሳውዘርን፣ ዴቨን ኤንድ ሰቨርን፣ ኮርንዎል፣ አይልስ ኦፍ ሲሊ፣ ኖርዝ ዌስተርን። ሳውዘርን ሲባል ደቡቡን በሙሉ እንዳይመስላችሁ፣ ሀምፕሻየር ዶርሴትና አይል ኦፍ ዋይት ነው፣ ከዶርሴት ትንሽ ወደ ምእራብ በጀልባ ከሄዳችሁ ዴቨን ገባችሁ ማለት ነው፣ ባህሩ ላይ መስመር አይታይም ግን ህጉ ተቀይሯል። ስለዚ የቤታችሁን ሳይሆን ወጥመዱ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው የምታዩት።

ቀጥሎ ህጉ ድርብ መሆኑን እወቁ። ከላይ የአገር ህግ አለ፣ ከሱ ስር ደግሞ ኢፍካው ያወጣው ባይሎው፣ የአካባቢ ደንብ ማለት ነው። ባይሎው ከአገሩ ህግ ሊጠብቅ ይችላል፣ ሊላላ ግን አይችልም። ለምሳሌ የሎብስተር ትንሹ መጠን በአገሩ ህግ 87 ሚሊሜትር ነው፣ ኮርንዎል ውስጥ ግን 90። ሶስት ሚሊሜትር ምን አላት እንዳትሉ፣ ሲለኩ የሚያዩት እሷኑ ነው።

አለካኩን ላሳያችሁ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጌጅ የምትባል ትንሽ መለኪያ አለች፣ ርካሽ ናት፣ ሳይገዙ መውጣት ሞኝነት ነው። ሎብስተሩን ጀርባውን ይዛችሁ፣ የጌጇን አንድ ጫፍ የአይኑ ጉድጓድ ኋላ ላይ ታስገባላችሁ፣ ሌላው ጫፍ የጀርባ ቅርፊቱ አልቆ ጭራው የሚጀምርበት ጠርዝ ጋ መድረስ አለበት፣ ቀጥ ብሎ፣ ሰያፍ ከያዛችሁት ትልቅ መስሎ ይታያችኋል። ከፊት ያለችው ሹል አፍንጫ መሳይ ነገር አትቆጠርም። ከዛ ገልብጡት። ጭራዋ ስር ጥቁር ፍሬ የመሰለ እንቁላል ከተለጠፈ ትመለሳለች፣ ስንት ብትከብድም ትመለሳለች። ከዛ ደግሞ የጭራውን ማራገቢያ ዘርግታችሁ እዩ፣ አንዱ ላይ የ"ቪ" ቅርፅ የተቆረጠ ካለ ሆን ተብሎ ለመራባት የተለቀቀች ሴት ናት፣ እሷም ወደ ባህር። አንዳንዱ "ተነክሳ ነው" ብሎ ይወስዳታል፣ ምልክቱ እንዳይታይ ተደርጎ የተበላሸ ጭራም ቢሆን የተከለከለ ስለሆነ ያ ሰበብ አያወጣም።

ፈቃድና ቁጥርን በተመለከተ እንደየኢፍካው ነው። ዴቨን ኤንድ ሰቨርን ውስጥ ለጨዋታ የሚያጠምድ ሰው ፐርሚት አውጥቶ 5 ወጥመድ፣ በቀን 2 ሎብስተርና 3 ክራብ (ሸርጣን) ነው የሚፈቀድለት። ሌላ ቦታ ሌላ ቁጥር ነው። የባስ አሳ ህግ ግን ከላይ ነው የሚመጣው፣ በየአመቱ ይቀያየራል፣ የአምናውን ይዛችሁ እንዳትወጡ። ደግሞ ዌብሳይታቸው ላይ የድሮዎቹ ኮሚቴዎች ያወጡትን ባይሎው ስታዩ "ይሄ አሮጌ ነው" ብላችሁ አትዝለሉት፣ እስኪሻር ድረስ ይሰራል፣ አዲሶቹ ወርሰውታል። ቅጣቱ ድሮ እስከ 50,000 ፓውንድ ነበር፣ ከ2015 ወዲህ ጣራም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚናደደው ባይሎው ከወጣ በኋላ ነው፣ ያኔ ግን እቃው ተጭኗል። ሂደቱን ካወቃችሁ መቼ መናገር እንዳለባችሁ ይገባችኋል። መጀመሪያ መረጃ ይሰበስባሉ፣ አጥማጁንም ያዋራሉ፣ ይሄ መደበኛ ያልሆነው ጊዜ ነው፣ ለኔ ወርቁ ያለው እዚህ ነው ምክንያቱም ገና ካርታው በእርሳስ ነው ያለው፣ መስመር ማንቀሳቀስ ይቻላል። ከዛ የኢፍካው አባላት ተሰብስበው ባይሎውን ያወጡታል፣ በጋዜጣ ያስነግራል፣ ቢያንስ 28 ቀን ለተቃውሞ ይሰጣል፣ ተቃውሞውን ለኢፍካውም ለኤምኤምኦም ነው የምትልኩት፣ ኤምኤምኦ ማለት የባህር አስተዳደር ድርጅቱ ነው፣ እሱም በ2009ኙ ህግ የመጣ። ኢፍካው ለያንዳንዱ መልስ ይሰጣል፣ ኤምኤምኦ ያጣራል፣ መጨረሻ ላይ ሚኒስትሩ ሳይፈርምበት አይፀናም። ሚኒስትሩ እንዳለ ሊያፀድቀው፣ ሊያሻሽለው ወይ ሊጥለው ይችላል፣ ከፈለገም ቦታው ድረስ የሚመረምር ሰው ይልካል።

ይሄ ጊዜ ይፈጃል። ሰሴክስን እዩ። ከሴልሲ እስከ ሾርሃም ወደ 40 ኪሎሜትር የሚሆን የኬልፕ (ትልቅ የባህር አረም) ደን ነበራቸው፣ በ1987ቱ አውሎ ነፋስ ተጎዳ፣ ከዛ ስሩን እየጠረገ የሚጎተተው የትሮል መረብ እንዳያገግም አደረገው፣ ከ96 በመቶ በላይ ጠፋ። ኢፍካው ከ300 ስኩዌር ኪሎሜትር በላይ ላይ ትሮል እንዲከለከል ባይሎው አወጣ፣ ስሙ ላይ 2019 ይላል፣ የሚኒስትሩ ፊርማ የመጣው ግን በ2021 ነው። ስለዚ ሀሳብ ካላችሁ ስሙ ላይ አመት ከመፃፉ በፊት ነው።

ተጠንቀቁ፣ ሁለት አቋራጭ መንገድ አለ። አንዱ አስቸኳይ ባይሎው፣ ያልታሰበ ነገር ሲደርስ ያለ ሚኒስትር ፊርማ ወዲያው የሚሰራ ነው፣ በ24 ሰአት ውስጥ ለሚኒስትሩ ያሳውቃሉ፣ እስከ 12 ወር ይቆያል፣ ሚኒስትሩ ከፈቀደ አንዴ 6 ወር ይጨመርለታል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፣ የፐርሚት ባይሎው ካለ ባይሎው ራሱ አንዴ ይፈረማል፣ ፐርሚቱ ውስጥ ያሉት ሁኔታዎች ግን፣ የወጥመድ ቁጥር፣ ቦታ፣ ወራት፣ ኢፍካው ሰው አማክሮ በራሱ ሊቀይራቸው ይችላል። እኔ በበኩሌ ይሄን አሰራር እወደዋለሁ፣ ባህሩ ሁለት አመት አይጠብቅም። ግን ፐርሚት ያላችሁ ሰዎች የሚልኩላችሁን ኢሜይል ካላነበባችሁ አንድ ቀን ተነስታችሁ ወጥመዳችሁ ህገወጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ምን ብላችሁ ትፅፋላችሁ? "እንጀራችንን ቀማችሁን" ብሎ መፃፍ ልብን ያሳርፋል እንጂ መስመር አያንቀሳቅስም። ከባይሎው ጋር የጉዳት ግምገማ የሚባል ሰነድ አብሮ ይወጣል፣ ስንት ጀልባ እንደሚነካ ስንት ገንዘብ እንደሚታጣ ይላል፣ እሱን አንብቡና የተሳሳተበትን ቦታ ጠቁሙ። "ከሜይ እስከ ኦገስት እዚህ ነጥብ ላይ 40 ወጥመድ አስቀምጣለሁ፣ የተያዘው መዝገቤ ይኸው፣ መስመሩ ግማሽ ማይል ወደ ውጭ ቢሄድ እናንተም ድንጋዩን ትጠብቃላችሁ እኔም እሰራለሁ" ያለ ሰው ይሰማል፣ ምክንያቱም ያኛው አራተኛ ስራቸው ማመጣጠን ነውና መልስ ሊሰጡት ግድ ነው።

ወንበሩ ላይ ማን ነው የተቀመጠው ካላችሁ፣ ከየካውንስሉ (የአካባቢ ምክር ቤቱ) የሚመጡ ካውንስለሮች አሉ፣ ኤምኤምኦ የሚሾማቸው አጥማጆችና የባህር እውቀት ያላቸው ሰዎች አሉ፣ ከኤምኤምኦ፣ ከኢንቫይሮመንት ኤጀንሲና ከናቹራል ኢንግላንድ (ሁለቱ የመንግስት የተፈጥሮ ጥበቃ መስሪያ ቤቶች ናቸው) ደግሞ አንድ አንድ ሰው። ገንዘቡ በዋናነት ከካውንስሎቹ ነው፣ ስለዚ ካውንስለራችሁን ማዋራት ቀልድ አይደለም። ኤምኤምኦ ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያ ያወጣል፣ ደሞዝ የለውም፣ ግን ከገባችሁ የራሳችሁ ጥቅም ያለበት ጉዳይ ሲነሳ አስቀድማችሁ መናገር አለባችሁ።

አባል መሆን ካልፈለጋችሁ በቃ ስብሰባው ላይ ሂዱ፣ ለህዝብ ክፍት ነው፣ ወረቀቶቹ ቀድመው ዌብሳይት ላይ ይወጣሉ። መናገር ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ፃፉላቸው፣ ድንገት ተነስቶ መናገር ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። እኔ የመጀመሪያ ቀን እጄን አውጥቼ ሊቀመንበሩ "ይቅርታ" ብሎኝ ተቀምጫለሁ፣ ከዛ ሻይ እረፍት ላይ አንዱ ኦፊሰር ራሱ መጥቶ ስልኩ ላይ ካርታውን ከፍቶ "የቱ ጋ ነው ያልከው?" አለኝ።