በብሉይ ኪዳን ታሪኮች መካከል ያለውን የገደል ማሚቶ እንዴት እንሰማለን?

ብሉይ ኪዳንን ታሪክ በታሪክ ነጥለን ማንበብ ለምደናል። ዛሬ የያዕቆብን፣ ነገ የዮሴፍን። ጸሐፊዎቹ ግን አንዱን ሲተርኩ ሌላውን እንድናስታውስ አድርገው ነው የጻፉት። ይህን ለመስማት ዕብራይስጥ ማወቅ ግዴታ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ፣ እርሳስና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27፣ 37 እና 38 እንሞክረው።

መጀመሪያ ሦስቱንም ምዕራፎች ባንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ትርጉም አታቀያይሩ። ማብራሪያ መጻሕፍትንም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓቸው።

ቀጥሎ የሚጨበጡ ነገሮችን አስምሩባቸው። ልብስ፣ እንስሳ፣ በትር፣ ቀለበት። እነዚህ ተራኪዎች ዝርዝር ላይ ቁጥብ ናቸው፤ የሰው መልክ እንኳ ከስንት አንዴ ነው የሚነግሩን። ስለ ልብስ ካወሩ ምክንያት አላቸው።

ምዕራፍ 27 ላይ ርብቃ የዔሳውን ጥሩ ልብስ ለያዕቆብ ታለብሰዋለች። የፍየል ጠቦቶቹን ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ ታደርጋለች። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ልጁን ይዳስሳል፣ ልብሱን ያሸታል፣ ይታለላል። ምዕራፍ 37 ስንደርስ ያዕቆብ ራሱ አባት ነው። ልጆቹ ፍየል ያርዳሉ፤ የዮሴፍን ቀሚስ በደሙ ነክረው ይልኩለታል። አሁንም ልብስና ፍየል! አውሬ በላው ብለው እንኳ አልነገሩትም። የልጅህ ቀሚስ መሆኑን እየው አሉት፤ አውሬ በላው ያለው እሱ ራሱ ነው። ተራኪው እዚህ ላይ የእጁን አገኘ ብሎ አይፈርድም። ሁለቱን ትዕይንቶች አስቀምጦ ያልፋል።

ሦስተኛ፣ ልዩነቱን ፈልጉ። እኔ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው እላለሁ። ምዕራፍ 38 ላይ የያዕቆብ ልጅ ይሁዳ ማንነቷን ሳያውቅ አብሯት ለሚተኛው ለምራቱ ለትዕማር የፍየል ጠቦት ቃል ይገባላታል፤ ቀለበቱንና በትሩን መያዣ ይሰጣታል። በኋላ ፀንሳ ተገኝታ ልትቃጠል ስትወሰድ ዕቃዎቹን ልካ የማን እንደሆኑ እይ ትለዋለች። እሱና ወንድሞቹ ለአባታቸው ያቀረቡት ጥያቄ ዞሮ ወደ እሱ መጣ። ያዕቆብ ያየው ነገር ወደ ውሸት መራው። ይሁዳ ግን አይቶ ወደ እውነት ደረሰ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ትክክል ናት ብሎ አመነ። ወንድማችንን እንሽጠው ያለው ሰው መለወጥ የጀመረው እዚህ ይመስለኛል። ምዕራፍ 43 ላይ ለታናሽ ወንድሙ ለብንያም ዋስ የሚሆነው፣ 44 ላይም በእሱ ፈንታ ባሪያ ልሁን የሚለው ይኸው ይሁዳ ነው። ያኔ መያዣ ያደረገው ዕቃውን ነበር፤ አሁን ራሱን ሰጠ።

ይህን የቀመሰ ሰው ከዚያ በኋላ በየገጹ ማስተጋባት ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ አራተኛው እርምጃ ማጣራት ነው። ረሃብ በዘፍጥረት 12፣ 26 እና 41 አለ፤ መጽሐፈ ሩትም በረሃብ ይጀምራል። ረሃብ ስላለ ብቻ ታሪኮቹ ተያይዘዋል ማለት አይቻልም። ምዕራፍ 12ን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ረሃብ አብራምን ወደ ግብፅ ያወርደዋል፣ የፈርዖን ቤት ይቀሠፋል፣ አብራም ሀብት ይዞ ይወጣል። የእስራኤልም ታሪክ ከያዕቆብ ልጆች መውረድ እስከ ዘጸአት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ሦስት አራት ነገሮች እንዲህ ተሰልፈው ሲመጡ ልባችሁን ጥላችሁ ያዙት።

ለልምምድ አንደኛ ነገሥት 19ን ከዘጸአት 32 እስከ 34 ጎን ለጎን አንብቡ። በሁለቱም 40 ቀንና 40 ሌሊት አለ፤ ተራራውም ሲና ተብሎም የሚጠራው ኮሬብ ነው። ሙሴ በሰንጣቃ ዐለት ውስጥ ይቆማል፣ ኤልያስ በዋሻ ውስጥ ያድራል። ሙሴ ስለ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደለመነ ጻፉ። ኤልያስም ስለዚያው ሕዝብ ሁለት ጊዜ የተናገረውን ከሥሩ አስፍሩ። ከዚያ በእሱ ፈንታ ማንን እንዲቀባ እንደታዘዘ ተመልከቱ።